የተቆረጠውን ዛፍ ማተም

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ዕትም ስለ ውድከትና ሊኖከት፣ ማለትም እንጨት ወይ ሊኖ የሚባለውን ለስላሳ ሰሌዳ ቀርፆ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ስለማተም፣ ከፃፍኩ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳርቻ ናቸው፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ። ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ እየሰፋች ስትሄድ መጀመሪያ የምትነካው እዛ ያለውን ማሳና ዛፍ ነው፣ ትናንት የነበረው ነገር ዛሬ ሲጠፋ በአይናቸው የሚያዩትም እዛ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። ሁሉንም መመለስ ስለማይቻል አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፣ ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ያደግኩት ደሞ ከዚሁ ብዙም ሳይርቅ አያቴ ግቢ ነበር፣ አሁን መንገድና ህንፃ ሆኗል። ግቢው ውስጥ ትልቅ ዋንዛ ነበር፣ እህል የሚሰጣው ከስሩ፣ ቡና የሚፈላው ከስሩ፣ እኛ ልጆቹ ፍሬውን እየለቀምን እጃችን ተጣብቆ እንውል ነበር። አንድም ፎቶ የለንም። በሊኖ ልሰራው ደጋግሜ ሞከርኩ ግን የሚወጣልኝ ዝም ብሎ ዛፍ ነው፣ የህፃናት መፅሐፍ ላይ የሚሳል አይነት። ከኢንተርኔት ፎቶ አውርጄ ከዛ ላይ ስገለብጥ ደሞ ዋንዛ ሆነ ግን የሌላ ሰው ዋንዛ። አያቴ በህይወት አለች፣ አይኗ ግን በጣም ደክሟል። ምን ላድርግ? — ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ እጅሽ ላይ ያለ አይመስለኝም። የቆምሽበት ቦታ ላይ ነው። ያ የህፃናት መፅሐፍ ዛፍ ከሩቅ የታየ ዛፍ ነው፣ ግንዱ መሀል ላይ ቆሞ፣ ቅጠሉ ከላይ ክብ ብሎ፣ መሬቱ ከስር አንድ መስመር ሆኖ። አንቺ ግን ያንን ዋንዛ እንደዛ አይተሽው አታውቂም። ከስሩ ነው ያደግሽው። የምታውቂው ግንዱን፣ ያውም በልጅነትሽ እጅሽ እስከደረሰበት ድረስ ያለውን ነው፣ ቀና ስትዪ በቅጠሉ መሀል ሾልኮ የሚገባውን ብርሃን ነው፣ የተሰጣው እህል ላይ ወዲያ ወዲህ የሚለውን ጥላ ነው። ዳር ዳሩን መሳል ስትጀምሪ ግን በትዝታሽ ውስጥ የሌለ ነገር ነው የምትጠይቂው፣ ትዝታ ደሞ የሌለውን ሲጠየቅ ከየትም ያየውን አምጥቶ ይሞላል፣ ለዛ ነው የማንም ዛፍ የሚሆንብሽ።

ስለዚ ሙሉውን ዛፍ አትሳዪው። የሊኖው ጠርዝ ዛፉን ይቁረጠው፣ ጫፉ አይታይ፣ ግንዱ ከነሙሉ ውፍረቱ እንኳን ባይገባ ችግር የለውም። ከልጅ ቁመት ተነሺ። እኔ ብሆን ከመሬቱ ነው የምጀምረው፣ ከጥላው።

ቀጥሎ ደሞ ህይወት ያለው ዋንዛ ፈልጊ። የድሮ ቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሀገር በቀል ዛፍ አይጠፋም፣ በአቃቂ በኩል ባሉት የገበሬ ግቢዎችም እስካሁን የቀሩ አሉ፣ ካልሆነም ጉለሌ እፅዋት ማዕከል ሄደሽ ሀገር በቀሎቹን ማየት ትችያለሽ። ስትሄጂ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ተዪው፣ ፎቶ አታንሺ፣ እዛው ቁጭ ብለሽም አትሳዪ። እዪው ብቻ። ቅጠሉን ንኪው፣ ሰፊ ነው፣ ከላይ ሻካራ ነው፣ ከጀርባው ደሞ ስሮቹ ጎልተው በጣት ይቆጠራሉ። ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲለይ እንዴት እንደሚታጠፍ እዪ፣ ዋንዛ እንደ ፅድ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ዛፍ አይደለም። አበባ ላይ ከሆነ ነጩ አበባ ከቅጠሉ በላይ እንዴት ተሰብስቦ እንደሚቀመጥ፣ ንቦቹ የቱ ጋ እንደሚበዙ። ከዛ ቤት ገብተሽ ሳታዪ ሳዪው። የጎደለሽ ነገር ያኔ ይታወቅሻል፣ በሌላ ቀን ተመልሰሽ የጎደለውን ብቻ ታያለሽ። እንዲ እያልሽ ትንሽ ከቆየሽ በኋላ እጅሽ ዋንዛ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ያኔ የአያትሽን ዋንዛ ልትጠይቂው ትችያለሽ።

ይሄን አጥብቄ የምልሽ ብዙ ወጣት ሰዓልያን ሁለቱን ሲለያዩዋቸው ስለማይ ነው፣ ወይ ተፈጥሮን ቁጭ ብለው ይገለብጣሉ ወይ አይናቸውን ጨፍነው ትዝታ ይላሉ። የመጀመሪያው ስለ ዕፅዋት የሚያስተምር ጥሩ ስዕል ይሆናል፣ ሁለተኛው ግን በጊዜ ብዛት ሁሉም ቤት የሚሰቀለው አንድ አይነት ጎጆና አንድ አይነት ዛፍ ይሆናል። ኖርዌያዊው ሰዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ የሚስለው የሚያየውን ሳይሆን ያየውን እንደሆነ ፅፎ ነበር፣ እሱ ደሞ በእንጨት ቅርፅ ህትመት ከታላላቆቹ አንዱ ነው፣ ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። እንጨት ወይ ሊኖ ላይ ስትቀርፂ እርሳስ ላይ እንደለመድሽው ሁሉንም ነገር በትንሽ በትንሹ ማስገባት አትችዪም፣ ይሄ ይቅር ይሄ ይቆይ እያልሽ ትወስኛለሽ። ትዝታም የሚሰራው ስራ ይሄው ነው፣ አብዛኛውን ጥሎ ጥቂቱን ነው የያዘልሽ።

አያትሽ ጋ ስትሄጂ "ዛፉ ምን ይመስል ነበር" ብለሽ አትጠይቂያት፣ "ትልቅ ነበር" ነው የምትልሽ። በሬው የትኛው ጎን ነበር የሚታሰረው በያት፣ ጠዋት ቡና ስታፈዪ የት ነበር የምትቀመጪው፣ ከሰዓትስ ወዴት ትዞሪ ነበር፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ ነበረው ወይ፣ ቀፎ ተሰቅሎበት ያውቃል ወይ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በየት በኩል ነበር የሚወርደው። የጠዋት ጥላ ወደ ምዕራብ ነው የሚወድቀው፣ የከሰዓቱ ወደ ምስራቅ፣ ስለዚ የተቀመጠችበትን ከነገረችሽ ዛፉ ከቤቱ በየት በኩል እንደነበረ ራስሽ ታወጪዋለሽ። ይሄን ሁሉ ስትነግርሽ እጇን እዪው፣ ሰው ስለ ድሮ ግቢው ሲያወራ በእጁ ነው ካርታውን የሚስለው።

አሁን ወደ ሊኖው። ሊኖውን መጀመሪያ በጥቁር ቀለም ቀቢውና ሲደርቅ በነጭ ጠመኔ ሳዪበት። ምክንያቱም የምትቀርፂው ቦታ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ የምትተዪው ጥቁር፣ ስለዚ በመሮው የምታስገቢው ብርሃን ነው። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እርሳስ አስበሽ ከመጣሽ ነገሩ ይገለበጥብሻል። በቅጠል መሀል የሚገባ ብርሃን ደሞ ለሊኖ የተፈጠረ ነገር ነው። ትንሽ ቀርፀሽ በርካሽ ወረቀት ላይ አትመሽ እዪ፣ ከዛ ትንሽ ጨምሪ፣ አንዴ የተነሳ አይመለስም። በብርዱ ሰሞን ሊኖው ከደረቀብሽ ትንሽ ፀሐይ ላይ አስቀምጪው፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። የምትይዢበት እጅ ሁሌ ከመሮው ጀርባ ይሁን፣ ፊት ለፊቱ በፍፁም።

ሌላው፣ ህትመት ግራና ቀኙን ይቀያይራል። ለሌላ ስዕል ብዙ ላያስጨንቅ ይችላል፣ ላንቺ ግን ቤቱ በቀኝ ከነበረ በቀኝ ነው መውጣት ያለበት፣ ስለዚ ሊኖው ላይ በግራ ትስዪዋለሽ።

የአያትሽ አይን መድከሙን የፃፍሽው ነገር ውስጤ ቀርቷል። ወረቀቱን ላታየው ትችላለች፣ የቀረፅሽውን ሰሌዳ ግን በጣቷ ታነበዋለች። ስለዚ ለሷ ብለሽ በእንጨት ላይ ተለቅ አድርገሽ፣ ጠለቅ አድርገሽ ቅረፂ፣ ቀለም ከመንካቱ በፊት ይዘሽላት ሂጂ። ዋንዛ ጣውላ ከተገኘ ደሞ፣ የአሮጌ በር ቁራጭም ቢሆን፣ ከዛ የተሻለ ምን አለ። ስህተቱን የምትነግርሽ እሷ ናት፣ "በሬው እዚ አልነበረም" ካለችሽ ስራሽ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ቡራዩ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ቀን ቀን እንጨት ቤት እሰራለሁ። ሊኖ የሚባለውን ሱቅ ስጠይቅ የወለል ፕላስቲክ ነው የሚያሳዩኝ፣ ፕሬስ ማሽንማ የት ይገኛል። የቱ እንጨት ይሻለኛል፣ ቀለምስ ከየት ላምጣ? የምሰራው ስለ ጫካና ስለ ወፍ ነው፣ የአባቴ ሀገር ደን ነበር። — ከቡራዩ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንጨት ቤት መስራትህ ከብዙ ተማሪ ያስቀድምሃል፣ መሮ መያዝና ስለቱን መሳል ታውቃለህ፣ የእንጨት ስር፣ ማለትም በእንጨቱ ውስጥ የሚሄደው መስመር፣ በየት በኩል እንደሚሄድ ታውቃለህ። ፕሬስ አያስፈልግህም። ጃፓኖቹ ዓለም የሚያደንቅላቸውን የእንጨት ህትመት ለዘመናት የሰሩት በእጅ እያሻሹ ነው። ላንተ የእንጨት ማንኪያ ይበቃሃል፣ ጀርባው ለስላሳ ይሁን፣ ከመሀል ወደ ዳር በክብ በክብ ታሻለህ፣ ወረቀቱን በአንድ ጥግ ቀስ ብለህ ገልጠህ ታያለህ፣ ያልያዘ ቦታ ካለ መልሰህ ደግመህ ታሻለህ። ጊዜ ይወስዳል፣ ክንድም ያደክማል፣ ግን የትኛው ቦታ እንዲጠቁር የትኛው እንዲሳሳ በእጅህ ትወስናለህ፣ ይሄን ማሽን አይሰጥህም።

የወለል ፕላስቲኩ ሊኖ አይደለም። እውነተኛው ሊኖሊየም ከተልባ ዘይት፣ ከቡሽና ከእንጨት ዱቄት ተቦክቶ ጆንያ መሰል ጨርቅ ላይ የተጋገረ ነው፣ ፍሬድሪክ ዋልተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ የፈጠረው፣ ያውም ለወለል ብሎ ነው፣ ሰዓልያን በኋላ ነው የወሰዱት። አትድከም፣ ያለህበት ቦታ እንጨት ነው።

ከእንጨቶቹ ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመሮ አያስቸግርም፣ ዝግባ ደሞ ስሩ ደቃቅና ወጥ ስለሆነ ቀጭን መስመር ይይዝልሃል። ፅድ መዓዛው ደስ ይላል ግን በስሩ በኩል ይሰነጠቃል፣ ጠባብ መስመር ስትተው ተገንጥሎ ይሄዳል፣ ስለዚ ለትላልቅ ቅርፅ ነው የሚሆነው። ወይራ ለጀማሪ ጠንካራ ነው። ባህር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ለዚህ ስራ አልመክርህም። ኮምፔንሳቶም ይሆናል፣ የላይኛው ስስ ሽፋን እንዳይላጥብህ ብቻ ከመቅረፅህ በፊት ቀጠን ያለ ቬርኒሽ ቀብተህ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እሸው። አዲስ ጣውላ አትግዛ፣ ለስራህ ብለህ ዛፍ አታስቆርጥ፣ ምክንያቱን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። እንጨት ቤታችሁ የሚጥለው ቁራጭ አለ፣ ቆራሌው የሚሰበስበው የአሮጌ ጠረጴዛ ፊት አለ፣ የተሰበረ የቁም ሳጥን በር አለ።

አንድ ነገር ሞክር፣ ስለ ጫካ ነው የምሰራው ስላልክ ነው። የፅድ ወይ የዋንዛ ቁራጭ ወስደህ ምንም ሳትቀርፅ በሽቦ ብሩሽ በስሩ አቅጣጫ ደጋግመህ ፈትገው፣ ለስላሳው ክፍል ይበላል፣ ጠንካራው ስር ጎልቶ ይቀራል፣ ቀለም ቀብተህ ስታትመው የዛፉ የዕድሜ መስመር ራሱ ይወጣል። ቅድም ያነሳሁት ሙንክ ይሄን የእንጨት ስር ሰማይም ውሃም አድርጎ ተጠቅሞበታል፣ ሰሌዳውንም በመጋዝ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ቀለም ቀብቶ መልሶ እየገጠመ በአንድ ጊዜ ብዙ ቀለም ያትም ነበር። መጋዝ ባለበት ቤት ለምትውል ሰው ይሄ በቀጥታ የሚሆን ዘዴ ነው። ወፏን ለብቻ ቆርጠህ አውጣት፣ በሌላ ቀለም ቅባት፣ ቦታዋ መልሳት፣ አትም።

ቀለም የማተሚያ ቤት የኦፍሴት ቀለም ይሆንሃል፣ ጥቁሩን ትንሽ ጠይቀህ መግዛት ትችላለህ፣ ለስለስ ካለብህ ትንሽ ታልክ ፓውደር ቀላቅልበት። ሮለር ካጣህ የድሮ አታሚዎች ያደርጉት እንደነበረው ቆዳ ውስጥ ሱፍ ጠቅልለህ እሰርና ኳስ ስራ፣ ቀለሙን መስታወት ላይ ስስ አድርገህ ዘርግተህ በኳሱ እየነካህ ሰሌዳው ላይ ትደበድባለህ። ወረቀቱ ወፍራም ካርቶን አይሁን፣ በእጅ ስታሽ ቀጠን ያለ ግን ቶሎ የማይቀደድ ነው የሚሻለው።

ይሄን ስል አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አውሮፓ ውስጥ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መፅሐፍ የታተመበት ጥቁር ቀለም የተልባ ዘይትና ጥላሸት ነው። የኛ ቁም ፀሐፊዎች ደሞ ብራና ላይ የፃፉበት ጥቁር ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ነው የሚዘጋጀው። የነሱ ቀለም ውሃ ላይ የቆመ ስለሆነ ለእንጨት ህትመት ይቀጥንብሃል፣ ግን ከምጣድ ስር የተፋቀ ጥላሸት በደንብ ተፈጭቶ ከተልባ ዘይት ጋር ከተለወሰ እውነተኛ የማተሚያ ጥቁር ነው፣ ተልባውም ጥላሸቱም ከኛው ቤት። ስለ አባትህ ደን ስትሰራ የቀለሙ ነገር ከዛው ሀገር ቢመጣ ስራው ላይ የሚጨምረው አለ ብዬ አምናለሁ። ዘይቱን ግን ቤት ውስጥ አታፍላ፣ እሳት ይይዛል።

አንድ ክፍል ውስጥ ስለምትኖር ይሄን ልብ በል፣ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨምድዶ አንድ ላይ ሲከማች ራሱ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ደጅ ዘርግተህ አድርቀው ወይ ውሃ የተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ክተተው፣ አልጋ ስር በፍፁም። ለማፅዳትም ቲነርና አኳራጅ በተዘጋ ክፍል አትጠቀም፣ መጀመሪያ በምግብ ዘይት ጥረገው፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሊኖ ላይ የእናቴን ስም ቀርጬ ሳትመው ተገለበጠ። ፊደል እንዴት ነው የሚቀረፀው? — ከለገጣፎ

መልስ፦ ስሙን በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ አጥቁረሽ ፃፊው፣ ወረቀቱን ገልብጠሽ ፅሁፉ ያለበትን ፊት ሊኖው ላይ አስተኚና ከጀርባው በማንኪያ እሺው፣ እርሳሱ ወደ ሊኖው ተገልብጦ ይተላለፋል፣ እሱን ተከትለሽ ቅረፂ። የኛ ፊደል ላይ በተለይ ካዕቦቹን ጠብቂ፣ ቡ ሙ ሉ፣ በቀኝ የምትወጣው ቅጥያ ሰሌዳው ላይ በግራ ነው መታየት ያለባት። ከመቅረፅሽ በፊት መስታወት ፊት ያዢው፣ መስታወቱ ውስጥ ተስተካክሎ ከተነበበ ወረቀቱም ላይ ይነበባል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረተኛ ነኝ፣ ሰበታ ነው የምኖረው። ልጄ ስነ ጥበብ ትማራለች፣ የመረጠችው ህትመት ነው። ሁሌ የምትቀርፀው ድሮ የነበርንበትን ሰፈር ነው፣ አሁን የለም፣ ሰውም ተበትኗል። አንዱን ስዕል 20 ጊዜ ታትመውና እያንዳንዱን ኦሪጅናል ነው ትላለች። ይሄ ኮፒ አይደለም ወይ? ስዕል መሳልስ አይሻላትም? — ከሰበታ

መልስ፦ አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ እውነቷን ነው። ኮፒ የሚባለው ሌላ ቦታ ተሰርቶ ያለቀ ስዕል ፎቶ ተነስቶ ሲባዛ ነው። የልጅዎ ስራ ግን ከህትመቱ በፊት የትም የለም፣ ሰሌዳው ስዕሉ አይደለም፣ የተገለበጠና ያልተጨረሰ ነገር ነው፣ ስዕሉ የሚወለደው ወረቀቱ ላይ ነው፣ እያንዳንዱንም እሷ በእጇ ቀለም ቀብታ ነው የምታወጣው። ከስር በእርሳስ 4/20 ብላ ስትፅፍ ከሃያዎቹ አራተኛው ነው ማለቷ ነው፣ ከሃያ በላይ ላለማተምም ቃል መግባቷ ነው፣ ብዙዎች ቁጥሩ ሲሞላ ሰሌዳው ላይ መስመር ጭረው ይዘጉታል። ሌላም መንገድ አለ፣ አንዱን ሰሌዳ እየቀረፁ እያተሙ፣ እንደገና እየቀረፁ በላዩ ሌላ ቀለም እያተሙ መሄድ፣ ፒካሶ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ ሊኖ ላይ በሰፊው የሰራበት ነው፣ በዚህኛው ሰሌዳው እየተበላ ስለሚሄድ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ እንኳን መጨመር አይቻልም።

ሀገራችን ውስጥም መንገዱ የተጠረገ ነው። ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ያለውን የስነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም ካቋቋሙ ብዙም ሳይቆይ ጀርመን ሃምቡርግ የተወለደውና የብራዚሏን ባሂያን ስም የወሰደው ሰዓሊ ሃንሰን ባሂያ ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ አዲስ አበባ ሆኖ የእንጨት ቅርፅ ህትመት አስተምሯል። ከተማሪዎቹ አንዱ ሰዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው፣ የት እንደደረሱ እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። በኋላም በዛው ትምህርት ቤት እንደ በኃይሉ በዛብህ ያሉ በህትመት የሚታወቁ አስተማሪዎች ሰርተዋል። ልጅዎ ብቻዋን የጀመረችው ነገር አይደለም።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ልነግርዎት የምፈልገው ሌላ ነው። የሰፈር ትዝታ የአንድ ሰው አይደለም። የቀለም ቅብ ስዕል ብትስለው አንድ ቤት ነው የሚሰቀለው፣ አንዱ ገዝቶት ይሄዳል፣ ያ ሰፈር የማያውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ ሊቀር ይችላል። እሷ ግን ሃያ ጊዜ አተመችው፣ ሃያ ቤት ሊገባ ይችላል፣ የተበተነው ጎረቤት አንዱ ገላን ይሁን አንዱ አያት ሰፈር፣ ያንኑ ወንዝ ያንኑ አጥር በየግድግዳው ሊያየው ይችላል። የዕድር ጥሩምባ አንድ ላይ ያሰባስበው የነበረ ሰው አሁን በየአቅጣጫው ሲኖር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋውም ከቅብ ስዕል ስለሚቀንስ እንደኛ ያለ ሰው ይደርስበታል። ከሃያው አንዱን ለራስዎ ይጠይቋት፣ ሌሎቹን ለነማን ብታደርስ ጥሩ እንደሆነ ደሞ አብረው ይምከሩ፣ የድሮ ጎረቤቶቹን የሚያውቋቸው እርስዎ ነዎት።

እንጀራ ይሆናታል ወይ የሚለውን በቀጥታ አልጠየቁኝም ግን በጥያቄው ውስጥ አለ። በህትመት ብቻ የሚኖሩ ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹ ያስተምራሉ፣ የመፅሐፍ ሽፋን ይሰራሉ፣ ዲዛይን ይሰራሉ። እጇ የለመደው ስራ ለነዚህ ሁሉ ያገለግላታል።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፣ ሁለተኛ ክፍል። መሮ ለልጆች አይሰጥም፣ ግን ህትመት እንዲያውቁና አካባቢያቸው ያለውን ዕፅዋት እንዲያዩ እፈልጋለሁ። በጀት የለንም። — ከሱሉልታ

መልስ፦ መምህርት፣ ቅጠል አትሙ። ከሁሉም የድሮው ህትመት ይሄ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ፣ ሊዮናርዶ ዳቪንቺ እንኳን በማስታወሻው ውስጥ በቅጠል እንዴት እንደሚታተም ፅፎ አንድ ቅጠል አትሞ ትቷል። ልጆቹ ደሞ ሳያውቁት አይተውታል፣ በኮባ ተጋግሮ የወጣ ድፎ ዳቦ ቅርፊቱ ላይ የኮባው መስመር ታትሞ ነው የሚመጣው። ትምህርቱን ከዛ ጀምሪው፣ አንድ ዳቦ ክፍል ይግባ፣ መስመሩን በጣታቸው ይከተሉት፣ ከዛ ይቁረሱት።

አሰራሩ ቀላል ነው። ቅጠሉን ጋዜጣ መሀል አድርገው መፅሐፍ ይጫኑበት፣ ትንሽ ጠውልጎ ሲተኛ የተሻለ ያትማል። ቀለም የሚቀባው ጀርባው ነው፣ ስሮቹ የሚጎሉት በዛ በኩል ስለሆነ። በውሃ የሚታጠብ ቀለም በስፖንጅ ስስ አድርገው ይንኩት፣ ከወፈረ ስሮቹ ይደፈናሉ፣ የልጆች ችግር ሁሌ እዚህ ጋ ነው። ቀለም የተቀባውን ፊት ወረቀቱ ላይ አስተኝተው፣ ሌላ ወረቀት ከላይ አድርገው፣ አንድ እጅ ሳያንቀሳቅስ ይያዝ ሌላው ይሽ።

ግራዋ፣ ጌሾ፣ ብሳና፣ ኮሶ ጥሩ ይሆናሉ። የባህር ዛፍ ቅጠል ለስላሳ ስለሆነ ስሩ እምብዛም አይወጣም፣ ግን እሱንም ያትሙትና ከግራዋ ጎን ያስቀምጡት፣ ሱሉልታ ላይ በየቦታው የሚያዩት ዛፍና ጓሮ ያለው ቁጥቋጦ ምን ያህል እንደሚለያዩ በራሳቸው አይን ያዩታል። ከመልቀማቸው በፊት ግን ሁለት ነገር አሳዪያቸው፣ ሳማና ቁልቋል። ሳማው ያቃጥላል፣ ከሁሉ የከፋው ግን የቁልቋሉ ወተት ነው፣ አይን ውስጥ ከገባ ይጎዳል፣ ስለዚ ወተት የሚወጣውን ማንኛውንም ቅጠል እንዳይነኩ ይታዘዙ። ከአንድ ተክል አንድ ሁለት ቅጠል ይበቃል፣ የወደቀ ካለ መጀመሪያ የወደቀውን ያንሱ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ያለ ቅጠል ያሰሯቸው። ትናንት ያተሙትን ሳያዩ በካርቶን ላይ ያንኑ ቅጠል ቆርጠው፣ ስሩን በክር በኮላ ለጥፈው፣ ያትሙት። ክሩ ጎልቶ ስለሚቆም ቀለሙን ይይዛል፣ መሮ ሳይነኩ ሰሌዳ ሰሩ ማለት ነው። ሁለቱን ህትመት ጎን ለጎን ስቀዪላቸውና ምን እንደረሱ፣ ምን እንደጨመሩ እነሱ ይናገሩ፣ አንቺ አታርሚያቸው። ቅጠሉ ሰፈር ውስጥ የሚጠራበትን ስም በየቋንቋቸው ከስሩ ይፃፉበት፣ ቤት ሄደው እናትና አባት ይጠይቁ፣ አማርኛውንም አፋን ኦሮሞውንም። ኮላው ሳይደርቅ ቀለም እንዳይቀቡት ብቻ አንድ ሌሊት አሳድሪው፣ በክረምት ከሆነ ሁለት።